ለአዘጋጁ፦ «ቢሆን ኖሮ» ውሸት አይደለም

ሰላም ለአዘጋጁና ለጋዜጣው ሰዎች በሙሉ፣ እንዴት ከረማችሁ። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በላሜራና ቀለም ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ፣ ጋዜጣችሁን ደንበኛ መኪናው እስኪደርስለት ቁጭ ብሎ እንዲያነብ ብዬ ነው የምገዛው ግን ሁሌ መጀመሪያ የማነበው እኔ ነኝ። እስከዛሬ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። አሁን የጻፍኩት አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ስለከረመና ለማን እንደምናገረው ስለጠፋኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ እዚሁ እኛ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶ ነበር፣ ስሙን አላነሳም፣ ሰው ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። የጎረቤቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ ከትምህርት ሲወጣ ጋራዤ እየመጣ ሦስት ወር ሙሉ የለፋባትን ሞዴል አውሮፕላን ይዞ ሄደ። አውሮፕላኗ «ፀሐይ» ናት፣ በ1928 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ የተሠራችው። ግን ልጁ እንዳለች አይደለም የሠራት፣ ጎማዋን አውልቆ ሁለት ተንሳፋፊ እግር ገጠመላትና ጣና ላይ የምታርፍ አውሮፕላን አደረጋት። ተንሳፋፊዎቹን ከምን ሠራቸው መሰላችሁ፣ ከደንገል! ባሕር ዳር ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ታንኳ ሠሪዎች ቆርጠው የጣሉትን ደንገል በፌስታል ይዞ መጣ፣ ሰነጠቀው፣ ጫፉን እንደ ታንኳ ሽቅብ ቀልብሶ በክር ጠፍሮ አደረቀው፣ ከዛ ኮላ በውሃ አቅጥኖ ሦስት ጊዜ እየደራረበ ቀባው፣ ሲደርቅ በጥፍር ብትመታው እንደ ቀንድ ቋ ይላል። ከሥር ትንሽ ካርቶን ላይ «ፀሐይ በጠላት ባትወሰድ ኖሮ፣ ጣና፣ 1935 ዓ.ም.» ብሎ በእጁ ጽፎ ለጠፈበት።

ገምጋሚ ሆኖ የመጣው ሰው አየትና «ይቺ አውሮፕላን ውሃ ላይ አርፋ አታውቅም፣ ይሄ የታሪክ ውሸት ነው፣ ተማሪ ያሳስታል» ብሎ ከጠረጴዛው ላይ አነሳት። በቃ። ነጥብ አልተሰጣት ምን አልተሰጣት፣ ኤግዚቢሽኑ እስኪያልቅ ወንበር ሥር ተቀምጣ ዋለች። ልጁ ማታ ሲመጣ አንዱ ተንሳፋፊ ተሰብሮ ነበር፣ ሰው ረግጦት ይሁን ሲያነሱት ይሁን አላውቅም። አላለቀሰም። «ጋሼ፣ ውሸት ነው እንዴ የሠራሁት?» ብቻ ነው ያለኝ። ያኔ የመለስኩለት በቂ አልመሰለኝም፣ ለዛ ነው አሁን በሰፊው የምመልሰው፣ ለሱም ለገምጋሚውም ለሌላውም።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ ልናገር፣ ብዙ ሰው አያውቀውምና። የአውሮፕላን ሞዴል ማለት ዝም ብሎ መጫወቻ አይደለም፣ በልክ ነው ሚሠራው። በብዛት የተለመደው ልክ 1 ለ72 ነው፣ እውነተኛው አውሮፕላን 72 ጊዜ ሲያንስ ማለት ነው፣ በዛ ልክ አንድ ረጅም ሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ከፍ ያለው 1 ለ48 ነው። ታሚያ፣ ሃሴጋዋ፣ አይርፊክስ፣ ሬቬል፣ ሄለር ምናምን የሚባሉ ድርጅቶች ቁርጥራጩን በፕላስቲክ አዘጋጅተው በካርቶን ይሸጡታል፣ ኪት ይባላል፣ አንተ ትገጥመዋለህ፣ በእስቱኮ ክፍተቱን ትሞላለህ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለህ፣ ትቀባለህ። እኛ ጋ ኪት የሚሸጥ ሱቅ ስለሌለ ልጆቹ ከካርቶን፣ ከበቆሎ አገዳ፣ ከቀርከሃ፣ ከተገኘው ነው የሚሠሩት፣ እውነቱን ለመናገር በዛ የሚሠራው ይበልጥ ደስ ይለኛል።

ከሞዴል ሠሪዎች መሀል ደግሞ በእውነት የነበረውን አውሮፕላን ብቻ ሳይሆን ሊኖር ይችል የነበረውን የሚሠሩ አሉ። ውጪ አገር «ዋት ኢፍ» ይሉታል፣ እኔና ልጁ «ቢሆን ኖሮ» ነው የምንለው፣ አማርኛችን ለዚህ ነገር የተሰጠ ይመስላል። ይሄ አገር ያንን አውሮፕላን ቢገዛ ኖሮ፣ ያ ስምምነት ባይፈረም ኖሮ፣ ያ ፋብሪካ ባይዘጋ ኖሮ እያልክ ታስብና አውሮፕላኑን በዛ አገር ምልክትና ቁጥር ትቀባዋለህ።

እና ሰው ያልገባው ነገር ይሄ ነው፦ ያልነበረውን ለመሥራት የነበረውን ጥንቅቅ አርጎ ማወቅ ግድ ነው። የነበረውን ብቻ የሚሠራ ሰው ፎቶ አይቶ መገልበጥ ይችላል። «ቢሆን ኖሮ» የሚሠራ ግን የሚገለብጠው ፎቶ የለውም። ታሪኩ የቱ ጋ ሊታጠፍ ይችል እንደነበር ማወቅ አለበት፣ መታጠፊያውን ካላወቀ የሠራው ነገር እርባና የለውም፣ ባለ ምልክት ፕላስቲክ ነው የሚሆነው።

የራሴን ላሳያችሁ። የአክስቴ ልጅ ስዊድን ነው የሚኖረው፣ ለዘመን መለወጫ ሲመጣ የሄለር ኪት አመጣልኝ፣ ሳብ የሚባለው የስዊድን ፋብሪካ የሠራው ሳብ 29 ተዋጊ ጄት፣ እነሱ «ቱናን» የሚሉት፣ በርሜል ማለት ነው፣ ሆዱ ድብልብል ያለ ስለሆነ። በ1 ለ72 ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ስንዝር አይሞላም። እውነተኛው መጀመሪያ የበረረው ነሐሴ 1940 ዓ.ም. ነው፣ ከ660 በላይ ተሠርቷል፣ ከስዊድን ውጪ የገዛችው ኦስትሪያ ብቻ ናት፣ እሷም 30 ነው የገዛችው። እኔ ታዲያ ይሄን የኢትዮጵያ አየር ኃይል አውሮፕላን አርጌ ልሠራው ነው የተነሳሁት።

ከየት አመጣኸው ትሉኝ ይሆናል። ከሰማይ አይደለም። ከጣልያን ወረራ በኋላ አየር ኃይላችን ቢሾፍቱ ላይ እንደ አዲስ ሲቋቋም ያቋቋሙት እኮ ስዊድኖች ናቸው። ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን፣ በወረራው ጊዜ በቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ቁስለኛ ሲያመላልስ የነበረው ሰው፣ ተመልሶ መጥቶ አሠልጣኞቹን መራ። (ይሄ ሰው መጨረሻው እዚሁ ነው የሆነው፣ በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ ተገደለ፣ ስሙን ዛሬ ስንት ወጣት ያውቀዋል?) አውሮፕላኖቹም የስዊድን ነበሩ፣ ለማሠልጠኛ ሳፊር፣ ለውጊያ ደግሞ ከ1939 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ሳብ 17። ስለዚህ የኛ መካኒኮች የሳብን ብሎን ያውቁታል፣ ማኑዋሉ የሳብ ነው፣ መምህሩ ስዊድናዊ ነው። ከዛ ግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ፣ ከዛ በኋላ ጄቱ በአብዛኛው የአሜሪካ ሆነ፣ ቲ-33፣ ኤፍ-86፣ ኋላም ኤፍ-5። መታጠፊያው እንግዲህ ያ ስምምነት ነው። ስምምነቱ ባይፈረም ኖሮ ሳብ 17ን ያበርር የነበረ ፓይለት ቀጥሎ ምን ላይ ይወጣ ነበር? ያው የሳብ ጄት ላይ ነዋ።

ሌላም አለ። ኮንጎ ውስጥ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ለሰላም ማስከበር የስዊድን ቱናኖችም የኢትዮጵያ ኤፍ-86ዎችም ተልከው ነበር፣ በ1954 ዓ.ም. አካባቢ። ይሄን ሳገኝ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ብላችሁ እመኑኝ። የኛም ቱናን ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አገሮች አንድ መለዋወጫ፣ አንድ ጎማ፣ አንድ መካኒክ ይጋሩ ነበር ማለት ነው። አንድ ስንዝር የማይሞላ ፕላስቲክ ይሄን ሁሉ አስነበበኝ፣ ስለ ኮንጎ ዘመቻ ከትምህርት ቤት ስወጣ አንድ መስመር አላውቅም ነበር።

ሥራውም ቢሆን የዋዛ አይደለም። የቱናን ክንፍ 25 ዲግሪ ነው ወደኋላ የሚያጋድለው፣ የኤፍ-86 ደግሞ 35፣ ይቺ 10 ዲግሪ ናት ሁለቱን ከሩቅ የምትለያቸው፣ ስለዚህ ስትገጥመው በፕሮትራክተር ለክተህ ነው። የጎማው መሸፈኛ አንዱ ጠፍቶብኝ ነበር፣ ከሲም ካርድ ማቀፊያ ፕላስቲክ ቆርጬ ሠራሁት፣ ሲም ካርዱን ገንጥለን የምንጥለው ማለቴ ነው፣ ስስ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ በምላጭ ይቆረጣል፣ ሱፐር ግሉ ጥርቅም አርጎ ይይዘዋል፣ ልጆች ይሄን ሰብስቡ ነው ምላቸው። መኪና የምቀባበት እስቱኮ ለዚህ ሻካራ ስለሆነ ቲነር ጠብ አርጌ አቅጥኜ በስቴኪኒ ጫፍ ነው ስንጥቁ ውስጥ የማስገባው፣ ለመኪና አንድ ሰዓት የሚፈጀው ሥራ እዚህ ሦስት ማታ ይፈጃል። አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ክብ ምልክት በሌላ የሲም ካርድ ፕላስቲክ ላይ ሞክሬ ሞክሬ ነው የለመድኩት፣ በጥፍር ቀለምና በስቴኪኒ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር በማትሞላ ክብ ውስጥ ሦስት ቀለም ሳይነካካ ማስገባት ትንፋሽ ይዞ ነው፣ ፒስታ ላይ አንድ ጭነት መኪና ካለፈ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር ሲል ነው የምሠራው።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። ተንሳፋፊ እግሩን ከየት አመጣኸው ብዬ እኔም ጠይቄው ነበር። ምን አለኝ መሰላችሁ። «ፀሐይ» ጣልያኖች ከወሰዷት በኋላ ለብዙ ዓመት የቆየችው ቪኛ ዲ ቫሌ የሚባል የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ነው፣ እስከ ጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ እስክትመለስ ድረስ። ያ ሙዚየም ደግሞ ብራቻኖ የሚባል ሐይቅ ዳር ነው ያለው፣ ቦታው ድሮ ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች መነሻ ነበር። ልጁ ይሄን አንብቦ «ጋሼ፣ በሰው አገር ሐይቅ ዳር ይሄን ያህል ዘመን ከቆመች በራሷ አገር ሐይቅ ላይ ብታርፍ ምናለ?» አለኝ። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነው እንዲህ ያለው። እኔ ዕድሜ ልኬን ባስብ አይመጣልኝም ነበር። ታዲያ ይሄ ነው ውሸት የተባለው? ካርቶኑ ላይ እኮ «ባትወሰድ ኖሮ» ብሎ ጽፏል። ውሸታም ሰው «ቢሆን ኖሮ» ብሎ አይጽፍም፣ «ሆነ» ብሎ ነው የሚጽፈው።

ደግሞ እኛ የማን አገር ሰዎች ነን? የዋሸራ፣ የጎንጅ፣ የዲማ አገር ሰዎች አይደለንም እንዴ። የኔ አባት ቅኔ ቤት ጥቂት ዓመት ቆይተው ነበር፣ ተማሪ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ይዞ ቢቀርብ የኔታ አይቀበሉትም ይሉ ነበር፣ በየቀኑ አዲስ ነው፣ ከራስህ ነው። ሲቀርብላቸው ደግሞ «ይሄ ነገር መቼ ነው የሆነው?» ብለው አይጠይቁም። ቤቱ መታ ወይ፣ አገባቡ ልክ ነው ወይ፣ ምሥጢሩ ይስማማል ወይ ነው የሚሉት፣ ካልተስማማ ይመልሱታል፣ ተማሪው ተመልሶ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ገምጋሚውም እንደዛ ቢያደርግ እኔ ደስታውን አልችለውም ነበር። ተንሳፋፊው የሞተሩን ክብደት ይችላል ወይ ብሎ ቢጠይቀው፣ ጣና ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ትንሽ ሞተር ያላት አውሮፕላን እዛ ከፍታ ላይ ከውሃ ለመነሳት ስንት ርቀት ይፈጅባታል ብሎ ቢያፋጥጠው ልጁ ምን እንደሚመልስ አውቃለሁ፣ እሱንም ስንጨቃጨቅበት ነው የከረምነው። እንደዛ ጠይቆት በነጥብ ቢጥለው አልከፋም። ሳይጠይቅ ውሸት ማለቱ ነው የከፋኝ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ ዘልዬው ባልፍ ደስ አይለኝም። የልጁ እናት ራሳቸው «በዚህ ጊዜ ልጅ የጦር አውሮፕላን ይሠራል ወይ፣ ሌላ ነገር ጠፍቶ ነው?» ብለውኛል፣ እሱ የሠራት «ፀሐይ»ን ነው ግን የኔን ቱናን አይተው ነው። ልክ ናቸው መጠየቃቸው። እኔም ሰማይ ላይ ድምፅ ስሰማ እንደማንኛውም ሰው ልጆቼ የት እንዳሉ ነው መጀመሪያ የማስበው። አያቴ በጣልያን ጊዜ አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱን ትተው ዋሻ ይገቡ እንደነበር እየነገሩን ነው ያደግነው፣ ጎጃም ውስጥ አውሮፕላን ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው ያ የሆነ ቤተሰብ ብዙ ነው። እኔ ለእናቱ ያልኳቸው ይሄን ነው፦ ልጁ የሚሠራው ነገር ድምፅ የለውም፣ አይተኩስም፣ እጅ ላይ ይቀመጣል፣ አገላብጠው ያዩታል፣ ማን ሠራው ማን ነዳው ለምን ብለው ይጠይቁበታል። እኛ ስለ አውሮፕላን የምናውቀው ከሥር ሆነን ሽቅብ አይተን ብቻ ነው፣ ይሄ ልጅ ግን ከላይ ሆኖ ወደታች እያየው ነው። እሳቸውም ዝም አሉ፣ ተስማሙ አልልም፣ ግን በማግሥቱ ልጁን አልከለከሉትም፣ ጭራሽ ለተንሳፋፊው ማሰሪያ የፈተሉትን ጥጥ ክር ሰጡት።

አሁን የምጠይቀውን ልጠይቅ። ትምህርት ቤቶች እባካችሁ እንዲህ ዓይነት ሥራ ሲመጣ ከሌላው ለይታችሁ ለብቻው አንድ ጠረጴዛ ስጡት፣ ሠሪው ደግሞ ሁለት ነገር ጽፎ ይለጥፍ፣ በእውነት የሆነው ምንድነው፣ እሱ የቀየረው ከየት ጀምሮ ነው። ያን መጻፍ ካልቻለ አትቀበሉት፣ ከጻፈ ግን ገምግሙት። ይሄ ብር አይጠይቅም።

ጋዜጣውን ደግሞ የምለምነው ሌላ ነገር ነው፣ ይሄ ለኔ ዋናው ነው። የኔ ቱናን ተገጣጥሞ አልቋል፣ በአንቲሩጂን ተቀብቶ ግራጫ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ከቆመ ቆይቷል፣ ከዛ በኋላ ብሩሽ አልነካውም። ምክንያቱም የኢትዮጵያ ቱናን አልነበረም ግን የኢትዮጵያ ሳብ 17 ነበረ፣ ቱናኑ ቢመጣ ኖሮ ቁጥሩ የሚጻፈው ሳብ 17ቱ ላይ በተጻፈበት እጅ ነው፣ በዛ ቀለም፣ በዛ ቦታ። እኔ ያየኋቸው ፎቶዎች ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቀይ ከአረንጓዴ አይለይም፣ ቀለም ቀቢ ስለሆንኩ ይሄን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ቁጥሩ ነጭ ነበር ወይስ ቢጫ? በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ነገር ከጎኑ ነበረው ወይ? ከፕሮፔለሩ ኋላ ያለው ቦዲ ሌላ ቀለም ነበር ወይ? ይሄን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች አገር ውስጥ አሉ። ቢሾፍቱ መካኒክ የነበሩ፣ ጡረታ ወጥተው ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ሞጣ፣ ደጀን የገቡ አዛውንቶች አሉ፣ የነሱ ልጆች ሳጥን ውስጥ ፎቶ አለ፣ አንዳንዱም በቀለም የተነሳ ይሆናል። አንድ ገጽ፣ ግማሽ ገጽ እንኳ ክፈቱና ጠይቁልን። ለኔ ብቻ አይደለም፣ ሰዎቹ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ነገ ብንጠይቅ የሚመልስ ላናገኝ ነው።

ዳኮታ የሚባለው የድሮ ማመላለሻ አውሮፕላን ፎቶ ያለውም ይላክ፣ ድሮ ደብረ ማርቆስ ሜዳው ላይ ሲያርፍ የተነሳ። ልጁ ቀጥሎ እሱን ሊሠራ ነው፣ የተሰበረውን ተንሳፋፊ ጠግኖታል፣ አሁን ከቀርከሃ የክንፍ አጥንት እየሰነጠቀ ነው፣ ስለ ዳኮታው መታጠፊያውን ግን ገና አልነገረኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ